አሥር ግራም ስንት ነው?



ትናንት ማታ ይህን የሥልጠና መክፈቻ ንግግር ልጽፍ ብዬ ወጥ ቤት አመሸሁ። ድንች ልጬ ፈቀፈቅሁ፤ በሻሽ ጨምቄ ውሃውን አዘቀጥሁት፤ ልክ ቡላ እንደሚዘቅጠው። ከሥር የቀረውን ነጭ ዝቃጭ በአንድ ድስት፣ ከሱቅ የገዛሁትን የበቆሎ ስታርች በሌላ ድስት አድርጌ ጣድሁ። የድንቹ ቶሎ አበጠና እንደ ተልባ ተዝለገለገ፤ ማንኪያዬን ሳነሳ ክር እየሳበ ወረደ፤ የድስቱ ወለል ይታያል። የበቆሎው ዘግየት ብሎ ወፈረ፤ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ነጥቶ ረጋና በቢላ የሚቆረጥ ሆነ። ባለቤቴ ብቅ ብላ «ይኼ ለእራት ነው?» አለችኝ።

የድንች ስታርች ፎስፌት አለበት። የፎስፌቱ ኔጌቲቭ ቻርጅ እርስ በርስ ስለሚገፋፋ ቅንጣቱ ውሃ እየጠጣ ይነፋል። በበቆሎው ውስጥ ያለችው ጥቂት ስብ ግን አሚሎስ ከሚባለው የስታርቹ ክፍል ጋር ተቆላልፋ እብጠቱን ትገታዋለች። የቅንጣት መጠንም ከሰብል ሰብል አይገናኝም፤ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ትልልቁ የድንች ቅንጣት እስከ 100 ማይክሮሜትር ይደርሳል፤ የጤፍ ከ2 እስከ 6 ነው። ድንች 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ማበጥ ሲጀምር፣ ጤፍ ሙቀቱ ወደ 70 እስኪጠጋ ይቆያል። አብሲት የምትጥል እናት ቴርሞሜትር የላትም፤ ሊጡ ወፈር ሲል ግን ከእሳት ታወርደዋለች። እኛ በመሣሪያ የምንለካው ያችኑ ቅጽበት ነው።

አሁን ወደ ሚዛኑ ልምጣ፤ የተሰበሰብነው ለእሱ ነውና። በአየር የደረቀ የድንች ስታርች ከክብደቱ 18 በመቶ ያህሉ ውሃ ሊሆን ይችላል፤ የበቆሎው 12 በመቶ አካባቢ ነው። ከሁለቱም 10 ግራም ብንመዝን ከአንዱ 8.2፣ ከሌላው 8.8 ግራም ደረቅ ስታርች ነው የያዝነው። እኔ በጀማሪነቴ እርጥበት ሳልለካ እኩል መዝኜ፣ «የድንቹ ውፍረት በዚህን ያህል ይበልጣል» ብዬ ሪፖርት አስገብቻለሁ። መብለጡስ በልጧል፤ «በዚህን ያህል» ያልሁት ግን ዋጋ አልነበረውም። የትናንት ማታው ድስቴም ያው ነው፤ ዝቃጩ ገና ርጥብ ነበር።

በቡላ ላይ ደግሞ ይብሳል። ከአንዱ ጉልት የገዛነው ከሌላው አይመሳሰልም፤ የተቀበረበት ጊዜ፣ የቀረበት ቃጫ፣ አደራረቁ ይለያያል። ፋብሪካ ካጣራው የበቆሎ ስታርች ጎን አቅርበን «የእንሰት ስታርች እንዲህ ነው» ማለት እንሰትን መበደል ነው። መጀመሪያ እሱም ይጣራ፣ ይታጠብ፤ ከዚያ ይወዳደር።

ስለዚህ ዛሬ ጠዋት ማንም ስታርች አያበስልም። ምድጃው 105 ዲግሪ ላይ ተለኩሷል፤ ናሙናችሁን በየሳህናችሁ መዝናችሁ ትከታላችሁ፤ ክብደቱ መቀነሱን እስኪያቆም ደጋግማችሁ ትመዝናላችሁ። ሥልጠናው ተከፍቷል፤ ጋውናችሁን ልበሱ።