የመኪናን ፍጥነት በመንገድ አሠራር ስለ መግታት

በማዘጋጃ ቤት አዳራሽ ለከተማው ነዋሪዎችና ለመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች የተደረገ ንግግር



ስለ መኪና ፍጥነት በተነሣ ቁጥር ነገሩ ሾፌሩንና የትራፊክ ፖሊሱን ብቻ የሚመለከት የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። እኔ ግን ከሁሉ አስቀድሞ የሚመለከተው መንገድ ቀያሹን ነው እላለሁ። ሾፌር በሰሌዳ የተጻፈውን ቁጥር ከማንበቡ በፊት መንገዱን ያነባልና፤ መንገዱ ሰፊና ቀጥ ያለ ሲሆን ሳያስበው ነዳጅ ይሰጣል፤ ጠባብና ጠምዛዛ ሲሆን ግን ማንም ሳይቆጣው ያዘግማል።

ለዚህም የጎረቤታችን የኬንያ ዋና ከተማ ናይሮቢ ምስክር ትሁነን። ከጎዳናዎቿ አንዱ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስም የሚጠራ ስለሆነ ከእኛ ወገን ወደዚያ የሚሄድ ሰው ፈጽሞ እንግድነት አይሰማውም። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከናይሮቢ ወደ ቲካ የሚወስደው፣ ርዝመቱ 50 ኪሎ ሜትር ያህል የሆነው መንገድ ተሰፍቶ በ2012 ተመረቀ። በከፊሉ ስምንት መስመር ያለው ታላቅ ሥራ ነው። ነገር ግን በግራና በቀኙ እንደ ጊቱራይ ያሉ ሕዝብ የሞላባቸው ሰፈሮች አሉ፤ የአንዱ ቤት በዚህ ማዶ፣ ገበያው በዚያ ማዶ ነው። እግረኛው እንደ ልማዱ ሲሻገር፣ መኪናው መንገዱ እንደ ፈቀደለት ሲበር፣ የብዙ ሰው ሕይወት ጠፋ። ስለዚህ ለከፍተኛ ፍጥነት በተሠራው አስፋልት ላይ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ተደረገ። መንገዱ «ሩጥ» ሲል ጉብታው «ቁም» ይላል፤ በሌሊት የደረሰ ሾፌር የትኛውን ይስማ? የእግረኛ መሸጋገሪያ ድልድዮች እየተጨመሩ ሲሄዱ ጉብታዎቹ ተነሡ። አስቀድሞ በወረቀት ላይ ሊታሰብ የሚገባው ነገር ከምረቃ በኋላ ሲሠራ ዋጋው በሰው ሕይወት ይከፈላል።

በዚያው ከተማ መካከል ያለው የሉቱሊ ጎዳና ደግሞ ሌላ ያስተምረናል። በ2019 የመኪናው መተላለፊያ ጠቦ በአንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲኬድበት ተደረገ፤ የእግረኛው መሄጃ ሰፋ፤ ዛፍም ተተከለ። በዚያ ጎዳና ፖሊስ ባይቆምም እንኳ መብረር አይመችም። ከዚያም አስቀድሞ በ2015 የናይሮቢ አስተዳደር ከመንገድ ሥራ በጀቱ ከመቶው 20 እጅ ለእግረኛና ለብስክሌት እንዲውል የሚል መመሪያ አውጥቶ ነበር። መመሪያ ማውጣትና ገንዘቡን ማውጣት ግን አንድ አይደሉም።

ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ግጭቱ እጥፍ ብቻ አይሆንም። በ60 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ መኪና በ30 ከሚሄደው አራት እጥፍ ጉልበት ተሸክሞ ይመጣል፤ ፍሬን ከተያዘ በኋላም ለመቆም አራት እጥፍ ርቀት ይፈልጋል። በ30 የተመታ እግረኛ አብዛኛውን ጊዜ በሕይወት ይተርፋል።

እንግዲህ ወደ ራሳችን እንመለስ። በአገራችን አብዛኛው ከተማ አገር አቋራጩ መንገድ ሰንጥቆት የሚያልፍ ነው። የጭነት መኪናው ሜዳውን በሮጠበት ፍጥነት ገበያው መካከል ይደርሳል። ስለዚህ ለከተማችን አዲስ አስፋልት ሲታቀድ በመግቢያው አደባባይ እንዲሠራ፣ መስመሩም ከዚያ ጀምሮ እንዲጠብ፣ በትምህርት ቤትና በገበያ ፊት መሻገሪያው ከፍ ብሎ እንዲነጠፍ፣ በመንገዱ መካከልም አሮጊት ቆማ የምታርፍበት ደሴት እንዲበጅ ኃላፊዎች ከመሐንዲሱ ጋር ከወዲሁ ይነጋገሩ። ንድፉ ከጸደቀ በኋላ የሚቀርብ አቤቱታ ብዙ ጊዜ ሰሚ አያገኝም።

ልጅ በተገጨ ማግሥት ነዋሪው በኀዘን ተነሥቶ ድንጋይና አፈር በአስፋልት ላይ የሚከምረውን በተመለከተ፣ ኀዘኑ ይገባኛል፤ ሆኖም ቀለም ያልተቀባ፣ ምልክት ያልቆመለት ክምር በሌሊት ባጃጅ ይገለብጣል። ጉብታ የሚያስፈልግበትን ቦታ ነዋሪው በቀበሌው በኩል ለማዘጋጃ ቤቱ በጽሑፍ ያመልክት፤ ማዘጋጃ ቤቱም ከሩቅ የሚታይ አድርጎ ይሥራ።