ማንበብ የሚቸግረው ልጅ ሰነፍ አይደለም
(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ በጸሐፊው የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ የመዋጮ አይደለም፤ የልጆቻችን ንባብ ነው። በሰፈራችን የሰማውን ሁሉ የሚይዝ፣ ሒሳብ በቃሉ የሚሠራ፣ ገበያ ተልኮ መልስ የማያሳስት፣ መጽሐፍ ሲሰጠው ግን ላብ የሚያጠምቀው ልጅ አለ። «ለ»ን ከ«ሰ»፣ «ከ»ን ከ«በ» ያምታታል፤ አንዷን መስመር ሦስት ጊዜ ይመላለስባታል። እንዲህ ያለው ልጅ ሰነፍ ይባላል፣ ይገረፋል፤ በመጨረሻም ትምህርቱን ጥሎ ባሮ ዳር ይውላል።

ይህ ችግር ስም አለው፤ ዲስሌክሲያ ይባላል። የአእምሮ ማነስ አይደለም፤ ፊደልን ከድምፁ ጋር ማገናኘት ስለሚከብድ ነው። በዘርም ሊወረስ ይችላል። በ1896 እ.ኤ.አ. ፕሪንግል ሞርጋን የተባሉ እንግሊዛዊ ሐኪም ስለ አንድ የ14 ዓመት ልጅ ጽፈው ነበር። ልጁ ብልህ ነው፤ ማንበብ ግን አልሆነለትም። አስተማሪው ታዲያ ምን አለ? ትምህርቱ ሁሉ በቃል ቢሆን ኖሮ ከተማሪ ቤቱ የሚበልጠው እሱ ነበር አለ።

በእኛ ከተማ ሸክሙ ይበዛል። አኙዋና ኑዌር በላቲን ፊደል ይጻፋሉ፤ አማርኛ ደግሞ 33 ፊደል በሰባት ሲባዛ 231 ነው፤ እንግሊዝኛም ይጨመራል።

ታላላቆቻችን ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረውን የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ያስታውሳሉ። ብዙ ሰው ማንበብ ለመደበት። አብሮ ተቀምጦ ያልሆነለት ሁሉ ግን ሰነፍ ነበር አንልም። ያን ጊዜ የሚረዳው መሣሪያ አልነበረም፤ ዛሬ አለ።

መሣሪያው ስልክ ነው። ሰው ሠራሽ አስተውሎት በሚባለው ጥበብ ስልኩ የመጽሐፉን ገጽ ፎቶ አንሥቶ ፊደሉን ይለያል፣ ድምፅ አውጥቶም ያነባል። ማይክሮሶፍት ለአማርኛ መቅደስና አምሃ የተባሉ ሁለት ድምፆች አዘጋጅቷል። ልጁ በጆሮው እየሰማ መስመሩን በጣቱ ይከተል፤ ቀጥሎ ራሱ ይሞክር።

ነገር ግን ልጅን ለስልክ ጥሎ መሄድ አይገባም። «ገና» የልደት በዓልም ነው፣ «ገና አልመጣም» የምንለውም ነው፤ በጽሑፍ አንድ ናቸው፣ የሚለዩት በአፍ ሲጠብቁና ሲላሉ ነው። እዚህ ላይ መሣሪያ ሊሳሳት ይችላል፤ ደብዛዛ ገጽም ያሳስተዋል። አጠገቡ የሚያርመው ሰው ይኑር።

ሌላም አለ። ጉግል በሰኔ 2016 ዓ.ም. በትርጉም አገልግሎቱ ላይ 110 ቋንቋዎች ሲጨምር ኑዌር ገብቷል፤ አኙዋ ግን ከእነዚያ መካከል አልነበረም። ታዲያ የአኙዋ ልጅ ይቅርበት? አይቀርበትም። ማንበብ የሚችል ታላቁ የትምህርቱን ገጽ ቀስ ብሎ እያነበበ በስልክ ይቅዳለት። ለዚህ ኔትወርክ እንኳ አያስፈልግም፤ ልጁ ደጋግሞ ይሰማዋል።

ስለዚህ ከወላጆች የምንጠይቀው ይህን ነው። አንደኛ፣ ስድብና ዱላ ይቅር። ሁለተኛ፣ የልጁ ዓይንና ጆሮ በጤና ጣቢያ ይታይ። ሦስተኛ፣ ለአስተማሪው ተነግሮ ልጁ በቃል እንዲጠየቅ፣ በፈተናም ጊዜ እንዲጨመርለት እንለምን። አራተኛ፣ ስልክ ያላችሁ ወጣቶች ቅዳሜ ከሰዓት በማኅበሩ ቢሮ ተገኝታችሁ ከልጆቹ ጋር ተቀመጡ። ክፍያ የለውም።

ማንበብ ላቃተው አዋቂም በሩ ክፍት ነው። ማስታወቂያ ይነበብልኝ ማለት አያሳፍርም።