ቀነ ገደቡ ሳይደርስ
(የዲጂታል ሰሌዳ ጽሑፎችን ወደ ዐዲስ ማኅደር ስለ ማዛወር በሬዲዮ የተደረገ ንግግር)



«በቃል ያለ ይረሳል፤ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» የሚለውን የአባቶቻችንን ምሳሌ ሳይሰማ ያደገ ኢትዮጵያዊ የለም። በመሥሪያ ቤት ለምንውል ሰዎችማ ይህ አባባል የሥራችን መሠረት ነው። ደብዳቤው፣ ቃለ ጉባኤው፣ መዝገቡ ሁሉ የሚጻፈው የዛሬው ሠራተኛ ሲሄድ የነገው እንዲወርሰው ነውና። ዛሬ ማታ ላነሣላችሁ የፈለግሁት ግን ተጽፎ ሳለ ሳይወረስ ስለሚቀር ጽሑፍ ነው። ይኸውም በስብሰባ ጊዜ በዲጂታል ነጭ ሰሌዳ ላይ የምንጽፈው ነው።

ዲጂታል ነጭ ሰሌዳ ማለት በኮምፒዩተር ወይም በስልክ ገጽ ላይ የሚዘረጋ ሰፊ መጻፊያ ነው። አንዱ በአዲስ አበባ፣ ሁለተኛው በባሕር ዳር፣ ሦስተኛው በድሬዳዋ ተቀምጠው በአንድ ጊዜ ይጽፉበታል፤ ቢጫና አረንጓዴ የማስታወሻ ወረቀት ይለጥፉበታል፤ አንዱን ሐሳብ ከሌላው ጋር በቀስት ያያይዙበታል። እንደ ጥንቱ ሰሌዳ ስብሰባው ሲያበቃ በዳስተር አይጠፋም፤ ፋይል ሆኖ ይቀመጣል። የሚቀመጠው ግን በመሥሪያ ቤታችን ቁም ሣጥን ውስጥ ሳይሆን «ክላውድ» በሚሉት ስፍራ ነው። ቃሉ ደመና ማለት ቢሆንም ነገሩ በሰማይ ላይ ያለ አይደለም፤ በምድር ላይ በተሠራ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ የተደረደረ የሌላ ኩባንያ ኮምፒዩተር ነው። እኛ በዚያ ቤት ተከራዮች ነን። ተከራይ ደግሞ ዕቃው የራሱ ቢሆንም ቤቱ የራሱ ስላልሆነ፣ «ልቀቅ» በተባለ ጊዜ ዕቃውን ይዞ መውጣት ግዴታው ነው።

ይህ የግምት ነገር አይደለም። ጉግል የተባለው ኩባንያ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2016 «ጃምቦርድ» የሚባል ሰሌዳ ለዓለም አስተዋወቀ። ከግድግዳ ጋር የሚተከለው መሣሪያ ስፋቱ 55 ኢንች ሲሆን፣ በዓመቱ ለገበያ ሲቀርብ ዋጋው 4,999 የአሜሪካ ዶላር ነበር። መሣሪያውን ለመግዛት አቅም ያልነበራቸው ደግሞ ፕሮግራሙን በኮምፒዩተራቸውና በስልካቸው ይገለገሉበት ነበር። አንዱ ፋይል እስከ 20 ገጽ ይይዝ ነበር። በኮሮና ወረርሽኝ ዘመን ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ፣ በብዙ አገር መምህራን በዚሁ ሰሌዳ አስተማሩ። ከዚህ በኋላ መስከረም 17 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ እኛ የመስቀልን በዓል በምናከብርበት ዕለት፣ ኩባንያው ጃምቦርድን እንደሚዘጋ አስታወቀ። ከመስከረም 21 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በሰሌዳው ላይ የተጻፈውን ማየት እንጂ መጻፍ ቀረ። ታኅሣሥ 22 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ የመጨረሻው ቀን ሆነ። ከማስታወቂያው እስከ መዝጊያው ዓመት ከሦስት ወር ጊዜ ተሰጥቶ ነበር። ጊዜው አነሰ የሚባል አይደለም፤ ነገር ግን ሰው ጊዜ በበዛለት መጠን መዘግየቱ ይበዛል።

ስለ መዘግየት ስናገር በሌላው ላይ ጣቴን እንደምቀስር እንዳይመስላችሁ፣ በራሴ የደረሰውን ልንገራችሁ።

እኔ በምሠራበት ክፍል አንድ የገበሬዎች ፕሮግራም ለማዘጋጀት ከየወረዳው በደብዳቤና በስልክ የመጡልንን ጥያቄዎች ሰብስበን፣ በዚያን ጊዜ እንገለገልበት በነበረው ዲጂታል ሰሌዳ ላይ ዐሥራ አንድ ገጽ ሞልተን ነበር። በቢጫው ወረቀት ላይ ጥያቄው፣ በአረንጓዴው ላይ የጠያቂው ስምና ቀበሌ፣ በቀስቱ ጫፍ ደግሞ መልስ የሚሰጠው ባለሙያ ተጽፏል። ሰሌዳውን የከፈተው ትጉህ የነበረ ወጣት የሥራ ባልደረባችን ነው። ሰሌዳው የሚዘጋበትን ቀን የሚያስታውቀው ኢሜይል ለእኔም ደርሶኛል። ደብዳቤው በእንግሊዝኛ የተጻፈና ከብዙ ማስታወቂያዎች መካከል የገባ ቢሆንም አንብቤዋለሁ። «ገና ብዙ ወራት አሉ» ብዬ ተውሁት። በመካከሉ ያ ወጣት ሥራ ለውጦ ሄደ። እንደ ደንቡም የመሥሪያ ቤቱ አካውንቱ ተዘጋ። እኛ ሰሌዳውን ልናዛውር የተነሣነው የመዝጊያው ቀን ገና ሁለት ወር ሲቀረው ነበርና፣ ቀድመን የደረስን መስሎን ደስ ብሎን ነበር። ብንፈልገው ግን ሰሌዳው የለም። በባለቤቱ ስም የተቀመጠ ስለ ነበር ከባለቤቱ አካውንት ጋር አብሮ ጠፍቷል። የቀረን አንዲት ባልደረባችን በስልኳ ያነሣችው የአንድ ገጽ ፎቶግራፍ ብቻ ነው።

ከጠያቂዎቹ አንዲት እናት ነበሩ፤ ንቦቻቸው በየዓመቱ ቀፎውን እየተዉ የሚሄዱበትን ምክንያት ነበር የጠየቁት። «በሁለት ሳምንት ውስጥ በሬዲዮ ይሰማሉ» ብዬ በስልክ ቃል የሰጠኋቸው እኔ ነኝ። ጥያቄያቸውን ዛሬም አስታውሳለሁ፤ ስማቸውንና ቀበሌያቸውን ግን የያዘው ያ የጠፋው አረንጓዴ ወረቀት ነው። መልሱን ዘግይተንም ቢሆን በሬዲዮ አሰማን፤ እርሳቸው ይስሙት አይስሙት ግን ለማወቅ አልቻልሁም። ጥፋቱም የኩባንያው ወይም የወጣቱ ሳይሆን የእኔ ነው።

ከዚህ የተማርሁት ቀነ ገደብ አንድ አለመሆኑን ነው። አንደኛው ኩባንያው በማስታወቂያ የሚነግረን ቀን ነው። ሁለተኛው ግን ማንም የማያስታውቀን፣ ሰሌዳውን የከፈተው ሰው ከመሥሪያ ቤቱ የሚለይበት ቀን ነው። ብዙ ጊዜም ሁለተኛው ከአንደኛው ቀድሞ ይደርሳል። በጉግል አሠራር አንድ የመሥሪያ ቤት አካውንት ከተሰረዘ በኋላ መልሶ ለማግኘት ያለው ጊዜ እስከ 20 ቀን ነው። ማይክሮሶፍት «ዋን ድራይቭ» በሚለው ማኅደር ውስጥ ደግሞ የተሰናበተ ሠራተኛ ፋይሎች፣ ኀላፊው ጊዜውን ካላራዘመው በቀር፣ ለ30 ቀን ብቻ ይቈያሉ። የማይክሮሶፍት ነጭ ሰሌዳም ዐዳዲስ ፋይሎቹን የሚያስቀምጠው በዚሁ በእያንዳንዱ ሠራተኛ ዋን ድራይቭ ውስጥ ስለ ሆነ፣ ነገሩ ዛሬም ሊታሰብበት የሚገባ ነው። ስለዚህ ሠራተኛ ሲለቅ ቁልፍና ማኅተም እንደምንረከበው ሁሉ፣ ሰሌዳዎቹንም መረከብ አለብን።

እንግዲህ የማዛወሩ ሥራ እንዴት ይከናወን? በቅደም ተከተል ልግለጠው።

በመጀመሪያ ቈጠራ ይደረግ። በክፍሉ ያሉት ሰሌዳዎች ስንት እንደ ሆኑ፣ እያንዳንዱን ማን እንደ ከፈተው፣ ስንት ገጽ እንዳለው፣ ስለ ምን ጉዳይ እንደ ተጻፈ በአንድ መዝገብ ይሥፈር። ያልተቈጠረ ዕቃ ቢጠፋ መጥፋቱ እንኳ አይታወቅም።

ሁለተኛ ይለይ። አንዳንዱ ሰሌዳ ገና የሚሠራበት ነው፤ ሌላው ሥራው ያለቀ፣ ነገር ግን ለውሳኔው ምስክር ሆኖ መቀመጥ ያለበት ነው፤ የቀረው የሙከራ ጭረት ነው። ይህን የሚለየው የኮምፒዩተር ባለሙያው ሳይሆን ጉዳዩን የሚያውቀው የክፍሉ ኀላፊ ነው። ሁሉን እንደ ጅምላ ማዛወር ትጋት ሊመስል ይችላል፤ ኋላ ግን ከገለባው ፍሬውን የሚለይ ሰው አይገኝም።

ሦስተኛ መልኩ ይወሰን። ለምስክርነት የሚቀመጠው በፒ.ዲ.ኤፍ. መልክ ቢወጣ ይበቃዋል፤ በየትኛውም ኮምፒዩተር ይነበባልና። ነገር ግን ፒ.ዲ.ኤፍ. የሰሌዳው ፎቶግራፍ ነው፤ የተለጠፈው ወረቀት ከቦታው አይነሣም፤ ቀስቱም አይዞርም። ስለዚህ ገና የሚሠራበትን ሰሌዳ ሌላ ሕያው ሰሌዳ ወደሚሆን ፕሮግራም ማስገባት ያስፈልጋል። ጃምቦርድ በተዘጋ ጊዜ ፊግጃም፣ ሉሲድስፓርክና ሚሮ የተባሉት ሰሌዳዎች የጃምቦርድን ፋይል የሚቀበሉበትን መንገድ አዘጋጅተው ነበር። በዝውውሩ ጊዜ የገጾቹ ተራ እንዳይለወጥ፣ ሊንኮቹ እንዳይሞቱ፣ በተለይም የፊደላችን ቅርጽ ተበላሽቶ በባዶ ሣጥን እንዳይተካ ገጹን አንድ በአንድ መመልከት ይገባል።

አራተኛ የፋይሉ ስም ይስተካከል። «ዐዲስ ሰሌዳ»፣ «ዐዲስ ሰሌዳ 2»፣ «የመጨረሻው»፣ «እውነተኛው የመጨረሻ» የሚሉ ስሞች ለባለቤቱ ካልሆነ ለሌላ አይገቡም። ቀኑ፣ ጉዳዩና የክፍሉ ስም በፋይሉ ላይ ቢጻፍ ከዐሥር ዓመት በኋላ የሚመጣው ሠራተኛ ማንንም ሳይጠይቅ ያገኘዋል።

አምስተኛ ባለ አደራው ይለወጥ። ዐዲሱ ማኅደር በአንድ ሰው ስም ሳይሆን በመሥሪያ ቤቱ የጋራ ማኅደር ስም ይሁን። ደግሞም ማን ሊያየው፣ ማን ሊያርመው እንደሚችል ይወሰን። በሰሌዳዎች ላይ የሰዎች ስም፣ ስልክ ቁጥር፣ አንዳንድ ጊዜም ስለ ጤናቸው የተጻፈ ይገኛል። ሊንኩ የደረሰው ሁሉ እንዲያነበው መተው በ2016 ዓ.ም. የወጣውን የግል መረጃ ጥበቃ ዐዋጅ መዘንጋት ነው።

ስድስተኛውና ዋነኛው ማረጋገጥ ነው። ዐዲሱ ቦታ የደረሰው ፋይል ቍጥሩ ከመዝገቡ ጋር ይመሳከር፤ ሥራውን ያልሠራ ሌላ ሰውም በራሱ ኮምፒዩተር ከፍቶ ያንብበው። ይህ ሳይደረግ አሮጌው አይሰረዝ። ማይስፔስ የተባለው ኩባንያ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2019 እንደ ገለጠው፣ ዕቃውን ከአሮጌ ኮምፒዩተሮች ወደ ዐዲስ ሲያዛውር ከ2016 በፊት ሰዎች ያስቀመጡት ዘፈን፣ ፎቶግራፍና ፊልም ጠፍቷል። የዐሥራ ሁለት ዓመት የሙዚቃ ክምችት ማለት ነው። እንዲህ ያለ ትልቅ ኩባንያ በማዛወር ላይ ሳለ ካጠፋ፣ መብራትና ኢንተርኔት በመካከል የሚቋረጥብን እኛ ይበልጥ መጠንቀቅ አለብን። ሥራውን ለመጨረሻው ሳምንት ማቈየት የማይገባውም ስለዚህ ነው። ከተዛወረው ሁሉ አንድ ቅጂ ከኢንተርኔት ውጭ በመሥሪያ ቤቱ ዲስክ ላይ ቢቀመጥ ደግሞ መልካም ነው።

አንዳንድ አድማጭ «ይህ ሁሉ ድካም ለስብሰባ ጭረት ነውን? ውሳኔው በቃለ ጉባኤ ተጽፎ የለምን?» ይል ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ቃለ ጉባኤ የሚነግረን የተወሰነውን ነው፤ ሰሌዳው ደግሞ ለምን እንደ ተወሰነ፣ ምን ሐሳብ ቀርቦ እንደ ተጣለ፣ ማን ምን አስጠንቅቆ እንደ ነበር ያሳየናል። ይህ የጠፋበት መሥሪያ ቤት በአምስት ዓመት አንድ ጊዜ ያንኑ ስብሰባ መልሶ ይሰበሰባል፤ ያንኑም ስሕተት መልሶ ይሠራል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ሰሌዳ ጋር ምክንያቱን የሚገልጥ ግማሽ ገጽ ተራ ጽሑፍ ተያይዞ ቢቀመጥ፣ ፕሮግራሙ ቢዘጋ እንኳ ፍሬ ነገሩ ይተርፋል።

የዚህን እውነትነት ከእንግሊዝ አገር ታሪክ እንመልከት። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1086 በንጉሥ ዊልያም ትእዛዝ የተደረገው የመሬትና የሀብት ቈጠራ በብራና ተጽፎ «ዱምስደይ መጽሐፍ» ተባለ። በ1986፣ ዘጠኝ መቶኛው ዓመት ሲከበር፣ ቢ.ቢ.ሲ. ከ1 ሚሊዮን በላይ ሰዎች የተካፈሉበትን ዐዲስ የአገር መዝገብ አዘጋጅቶ በሌዘር በሚነበብ ዲስክ አወጣ። ሃያ ዓመት ሳይሞላው ያንን ዲስክ የሚያነብ መሣሪያ ማግኘት አስቸጋሪ ሆነና፣ ባለሙያዎች ይዘቱን ለማዳን ብዙ ደከሙ። የ1086ቱ ብራና ግን ዛሬም ይነበባል። የብራና ባለቤቶች የሆንን እኛ ምሥጢሩን ለመረዳት አይቸግረንም። ብራናችን እስከ ዘመናችን የደረሰው ቆዳው ጠንካራ ስለ ሆነ ብቻ አይደለም፤ አሮጌው ሳያልቅ ወደ ዐዲስ የሚገለብጡ፣ ገልብጠውም ከዋናው ጋር የሚያመሳክሩ ጸሓፊዎች በየዘመኑ ስለ ነበሩ ነው። ዛሬ ፋይል ማዛወር የምንለው ሥራ የእነርሱው ሥራ ነው፤ የተለወጠው መሣሪያው ብቻ ነው።

ክቡራትና ክቡራን አድማጮች፤ «ሳይቃጠል በቅጠል» ይባላል። ነገ ጧት ቢሯችሁ ስትገቡ አንድ ነገር ብቻ አድርጉ። በስማችሁ ያሉትን ሰሌዳዎች ቍጠሩ፤ ከእናንተ በቀር ማንም ሊከፍታቸው የማይችለውንም ለዩ። ከዚያ በኋላ የክፍል ጓደኛችሁን ጠርታችሁ፣ እናንተ ሳትነግሩት እርሱ ራሱ ፈልጎ እንዲያገኛቸው ጠይቁት። ካላገኛቸው፣ ኩባንያው ማስታወቂያ ባይልክላችሁም ቀነ ገደቡ ተጀምሯል ማለት ነው።