የጨዋታ መሣሪያ ቍልፍ በማን እጅ ነው?

ዛሬ የምንነጋገረው በየቤታችን ገብቶ ከልጆቻችን ጋራ ስለሚያመሽ አንድ እንግዳ ነው፤ ይኸውም የቪዲዮ ጨዋታ መሣሪያ ነው። አባት ከመሥሪያ ቤቱ ሲመለስ ልጁን በፕሌይስቴሽን ወይም በኮምፒዩተር ፊት ተቀምጦ ያገኘዋል። ደብተሩ አልተገለጠም፤ ራቱም ቀዝቅዟል። አባት ተቈጥቶ ገመዱን ይነቅላል። በማግሥቱ ግን ነገሩ እንደ ቀድሞው ይኾናል።

ጨዋታ በራሱ ክፉ ነገር አይደለም። እኛም ብይና ገበጣ ተጫውተን አድገናል። ነገር ግን የእኛ ጨዋታ ፀሐይ ስትጠልቅ ያበቃ ነበር፤ የዛሬው ምሽት አያውቅም። ከዚህም በላይ፥ ከጨዋታዎቹ አንዳንዶቹ ለዐዋቂ እንጂ ለልጅ የተሠሩ አይደሉም።

በአሜሪካ የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት በ1993 እ.ኤ.አ. በጨዋታዎች ውስጥ ስላለው ጭካኔ ከመረመረ በኋላ፥ በ1994 ጨዋታዎችን በዕድሜ የሚመድብ ድርጅት ተቋቋመ። በአውሮፓም ፔጊ የተባለው ምደባ በ2003 ተጀመረ። በሣጥኑ ላይ የምናየው 3፥ 7፥ 12፥ 16 ወይም 18 የሚለው ቍጥር የዚህ ምልክት ነው። ቍጥሩ ይዘቱ ለየትኛው ዕድሜ እንደሚገባ ይገልጻል እንጂ የጨዋታውን ክብደትና ቅለት አያመለክትም። ስለዚህ «ልጄ ጐበዝ ነው፥ ይችለዋል» ማለት መልስ አይኾንም።

መሣሪያዎቹም ለወላጅ የሚኾን ገደብ አላቸው። በዚህ ገደብ አማካይነት የጨዋታውን ደረጃ፥ የመጫወቻውን ሰዓት፥ የሚወጣውን ገንዘብ፥ እንዲሁም ከማይታወቅ ሰው ጋራ የሚደረገውን ንግግር መወሰን ይቻላል። ለምሳሌ በኒንቴንዶ ስዊች ወላጅ የቀኑን ሰዓት በእጅ ስልኩ ወስኖ፥ ሰዓቱ ሲሞላ ጨዋታው እንዲቋረጥ ማድረግ ይችላል። በኮምፒዩተርም ላይ ዋናው አካውንት የወላጅ ኾኖ ለልጁ የተለየ አካውንት ሊከፈትለት ይገባል።

ዳሩ ግን የብዙዎቻችን ስሕተት እዚህ ላይ ነው። ዘመድ ከውጭ አገር መሣሪያውን ሲልክልን፥ «አንተ ታውቀዋለህ» ብለን ለልጁ እንሰጠዋለን። ልጁም ዋናውን አካውንት በስሙ ይከፍታል፤ የይለፍ ቃሉን የሚያውቀውም እርሱ ብቻ ይኾናል። አጥሩን ያጠረው ልጁ ከኾነ መሹለኪያውን የሚያውቀውም እርሱ ነው። በፕሌይስቴሽን 4 የገደቡ ምሥጢር ቍጥር ከፋብሪካ ሲወጣ 0000 ነው፤ ወላጅ ካልለወጠው ቈለፈ አይባልም።

ኾኖም ቍልፍ ብቻውን ልጅ አያሳድግም። ያለ ምክር የተዘጋ በር ልጁን ወደ ጐረቤት ወይም ወደ ሰፈሩ ጌም ቤት ይሰደዋል። ስለዚህ ገደቡ ከመደረጉ በፊት አባትና እናት ከልጃቸው ጋራ ተቀምጠው፥ ትምህርቱ መቼ፥ ጨዋታው መቼ፥ እንቅልፉ መቼ እንደ ኾነ ተነጋግረው ይስማሙ። ምክንያቱን የተረዳ ልጅ ገደቡን እንደ ቅጣት አይቈጥረውም። ወላጅም አልፎ አልፎ አብሮት ቢጫወት፥ ልጁ የሚውልበትን ዓለም በዐይኑ ያያል።

አድማጮቻችን፤ ነገር ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ዛሬ ማታ ቤታችሁ ስትገቡ ገመዱን ከመንቀላችሁ በፊት፥ የዚህ መሣሪያ ቍልፍ በማን እጅ እንዳለ ጠይቁ።