ወረንጦዬን ይዤ መጥቻለሁ



አብዛኞቻችሁ የምታውቁኝ በመዝገብ ቤቱ መስኮት በኩል ነው። ፋይል አውጪልኝ፣ ደብዳቤዬ ወጪ ሆነ ወይ ስትሉኝ ኖራችኋል። ስለ ጤና ተናገሪ ስባል ሁለት ቀን እምቢ አልኩ፤ ሐኪም አይደለሁማ። በሦስተኛው ቀን ሳጥኔን ስከፍት ይህን አገኘሁና እሺ አልኩ። ከኋላ ለተቀመጣችሁ ከፍ ላድርገው። ወረንጦ ነው። እሾህ ለወጋው ሰው የሚሆን፣ ከየቤቱ የማይጠፋ ዕቃ ነው። እኔ ግን በዚህ ወረንጦ እሾህ አውጥቼበት አላውቅም። ስምንት ዓመት ሙሉ የገዛ ዓይኔን ሽፋሽፍት ነቅዬበታለሁ።

የተወለድኩት በደሃና ወረዳ ገጠር ነው። እናቴም ወረንጦ ነበራት፤ በጥቁር ክር አስራ ከማተቧ ጋር ከአንገቷ አትለየውም ነበር። ከብቶቹ ከገቡ በኋላ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብላ ራሷን ጭኔ ላይ ታደርግና «በይ ንቀይልኝ» ትለኛለች። የእሷ ዓይን እያነባ፣ እኔ ትንፋሼን ይዤ፣ አንድ በአንድ እነቅላለሁ። ስምንት ዓመቴ ቢሆን ነው። ሥራ ስላገዝኳት ደስ ይለኝ ነበር። ያ ፀጉር ወደ ውስጥ ታጥፎ በእያንዳንዱ ጥቅሻ ብሌኗን እየፋቀው እንደሆነ ማን ይነግረኛል? ለትምህርት ሰቆጣ ከወጣሁ በኋላ አንድ ክረምት ስመለስ፣ ሦስት ክንድ ርቄ ፊት ለፊቷ ቆሜ «ማነው?» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ልጆቿን የምትለየን በእርምጃችን ነው። ሃያ ዓመት ያህል በእርምጃችን ለየችን።

ለእናቴ ዓይን መፍትሔው ግማሽ ሰዓት የማይፈጅ ቀዶ ሕክምና ነበር። ያን ጊዜ እኛ መንደር አልደረሰም። ለእኔ ደርሶልኛል፤ የዘገየሁት እኔ ነኝ።

ሦስተኛ ልጄን ከወለድኩ በኋላ ጀመረኝ። ዓይኔ አሸዋ የገባበት ይመስላል። ፀሐይ ስትወጣ ነጠላዬን እስከ አፍንጫዬ እስባለሁ። ምጣድ ፊት ስቀመጥ ጭሱ እንደ በርበሬ ነው። እዚህ ቢሮ ጠረጴዛዬን አዙሬ ጀርባዬን ለመስኮቱ ሰጥቼ እሠራ ነበር፤ ሰው ሰላም ሲለኝ ቀና ስለማልል «ኩራተኛ ናት» መባሌንም ሰምቻለሁ። ሲብስብኝ ወረንጦዬን አወጣለሁ። የተነቀለ ፀጉር ጥቂት ቀን ዕረፍት ይሰጣል፤ ከዚያ አጭርና ሹል ሆኖ ይበቅላል፤ አጭሩ ከረጅሙ የከፋ ነው። ይህን የሚያውቅ ያውቀዋል። እዚህ አዳራሽ ውስጥም የሚያውቁት አሉ።

ለምን አልሄድሽም ትሉኛላችሁ። ፈርቼ ነዋ። ዓይንን በምላጭ ይቀዱታል፣ ከዚያ በኋላ ምድጃ አጠገብ አትደርሺም ይሉኝ ነበር። ልጆቹን ማን ይይዛል? ዓይኔ ታሽጎ ማን ይመራኛል? ጠበል እጠመቅ ነበርና እሱን እንደ መተውም መሰለኝ። በኋላ የንስሐ አባቴን ስጠይቃቸው በቃል አልመለሱልኝም፤ የራሳቸውን የዓይን ቆብ በጣታቸው ገልጠው የስፌቱን መስመር አሳዩኝ። እሳቸው ተሠርተው ኖሯል።

ያም ሆኖ ያስነሳኝ ሌላ ነገር ነው። አንድ ማታ በባትሪ ብርሃን መስተዋት ይዤ ስታገል፣ ያቺ ሦስተኛዋ ልጄ መጥታ ወረንጦውን ከእጄ ወሰደችና «እማዬ፣ እኔ ልንቀልልሽ» አለችኝ። ስምንት ዓመቷ ነበር።

በሳምንቱ የዓይን ቀዶ ሕክምና ዘመቻ ወደ ነበረበት ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ዘመኑ 2009 ዓ.ም. ነው። የሠራችኝ ለዚሁ ሥራ የሠለጠነች ነርስ ናት። ማደንዘዣው ሲገባ ያማል፤ አያምም ብዬ አልዋሻችሁም። ከዚያ ወዲያ መነካቱን እንጂ ሕመሙን አላውቀውም። የዓይን ቆቡን ቆርጠው ጫፉን ወደ ውጭ ይመልሱታል፣ እንደዚያው ይሰፉታል፤ ፀጉሩ ወደ ነበረበት አቅጣጫ ይዞራል። ታሽጌ አደርኩ። በማግስቱ ፋሻው ሲነሳ ፊቴ አብጦ ነበር፤ ያየሁት አዲስ ነገርም የለም። ነርሷ «ጨፍኚና ግለጪ» አለችኝ። ጨፈንኩ፣ ገለጥኩ። ምንም አልወጋኝም። ደግሜ ጨፈንኩ። አልወጋኝም። እዚያው አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ስጨፍንና ስገልጥ ሌላዋ ታካሚ «ምን ሆነሽ ነው?» ብላኛለች። ስምንት ዓመት ሙሉ አንድም ጥቅሻ ያለ ሕመም አላለፈልኝም ነበር፤ ያን ቀን ስንቴ እንደጠቀስኩ ፈጣሪ ይቁጠረው።

አሁን በሽታውን ልንገራችሁ። ትራኮማ፣ የዓይን ማዝ የምንለው ነው። የሚያመጣው ክላሚዲያ የተባለ ባክቴሪያ ነው። በሕፃንነት ይይዛል፤ ዓይን ይቀላል፣ ያዣል፣ ይተዋል፣ እንደገና ይይዛል። ከልጅ ወደ ልጅ፣ ከልጅ ወደ እናት በእጅ ይሄዳል፣ በጨርቅ ይሄዳል፣ ዓይን ላይ በሚያርፍ ዝንብ ይሄዳል። ያ ዝንብ የሚራባው ሜዳ ላይ በቀረ እዳሪ ነው። ደጋግሞ ሲይዝ የላይኛው ቆብ በውስጥ በኩል ይጠባበሳል። ጠባሳ ይኮማተራል፤ ሲኮማተር ቆቡን ወደ ውስጥ ይጎትተዋል፤ ሽፋሽፍቱም አብሮ ይዞራል። ብሌኑ ላይ ነጭ ጠባሳ ሲወጣ ብርሃን አያሳልፍም። ከሞራ ግርዶሽ ጋር አታምታቱት። ሞራ ሲወጣ ብርሃን ይመለሳል፤ በፀጉር የተፋቀ ብሌን ግን ቆቡን በመስፋት አይጠራም። ለዚህ ነው ኑ ስላችሁ ቶሎ ኑ የምላችሁ። እናቴን በመጨረሻ ዘመኗ ጤና ጣቢያ ብወስዳት ሕመሟን ያስቀሩላት ነበር፤ ዓይኗን ግን አይመልሱላትም ነበር።

ይህ በሽታ የእኛ ነው። ኢትዮጵያ ከዓለም የትራኮማ ሸክም ግማሽ ያህሉን ይዛለች። በ1998 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት፣ በአማራ ክልል ዕድሜያቸው ከ1 እስከ 9 ዓመት ከሆነ ሕፃናት ከመቶው ከ60 የሚበልጡት ሕመሙ ነበረባቸው። ከ15 ዓመት በላይ ከሆኑት ከመቶ 5 ያህሉ ፀጉራቸው ተቀልብሶ ነበር። አምስት ሲባል ትንሽ ይመስላል። በዚህ አዳራሽ መቶ ሰው ብንሆን፣ አምስት ወረንጦ ማለት ነው።

ሴቶች በትራኮማ የመታወር ዕድላቸው ከወንዶች እስከ አራት እጥፍ ይደርሳል። ምክንያቱን ለማወቅ አንዲት እናት ጠዋት ላይ ማየት ይበቃል። የታናሹን የዓይን አር በነጠላዋ ጫፍ ትጠርጋለች፣ በዚያው ጫፍ የታላቁን፣ በዚያው ጫፍ የራሷን። ፍቅር ነው፤ በዚያው ፍቅር ውስጥ በሽታው ያልፋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ቆም ብዬ ልናገር፤ ሲያንገበግበኝ የኖረ ነው። ትራኮማ ሲነሳ የኛን እናቶች «ንጽሕና የጎደላቸው» ማለት የለመዱ አሉ። ከ2008 እስከ 2011 ዓ.ም. ተመራማሪዎች እዚሁ በሰቆጣ ዙሪያ፣ በጋዝጊብላና በደሃና 40 የገጠር መንደሮችን ወስደው ግማሹ መንደር ውኃ፣ ሳሙና፣ የፊት መታጠብ ትምህርትና የመጸዳጃ ቤት ማበረታቻ እንዲያገኝ አደረጉ፤ ግማሹ ቆየ። ከሦስት ዓመት በኋላ የልጆቹ ዓይን ሲመረመር በሁለቱ ወገኖች መካከል በባክቴሪያው መጠን ልዩነት አልተገኘም። ውኃና ሳሙና አያስፈልግም አልልም፤ ውኃ ለስንት ነገር እንደሚያስፈልገን ጀሪካን የተሸከመች ታውቃለች። ነገር ግን ይህን ያህል ሥር የሰደደ በሽታ በአንዲት እናት ጥፋት አይመካኝም። ፊት ይታጠብ፣ መጸዳጃ ቤት ይቆፈር፣ መድኃኒቱም ይዋጥ፣ ቀዶ ሕክምናውም ይሠራ፤ አራቱም ባንድ ላይ ነው የሚሄዱት።

መድኃኒቱን ታውቁታላችሁ። በዓመት አንዴ ቀበሌ ተሰብስበን፣ ልጆቹ በተሰመረበት እንጨት ቁመታቸው እየተለካ የሚዋጠው ዚትሮማክስ ነው። የሚያመርተው ፋይዘር ለዚህ በሽታ በነፃ ይሰጠዋል። ከስድስት ወር በታች ላሉት ቴትራሳይክሊን ቅባት አለ። እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ካርተር ሴንተር የተባለው ድርጅት ከክልላችን ጤና ቢሮ ጋር በዚህ ሥራ ላይ ቆይቷል። ልጄ ደኅና ነው፣ ዓይኑ አልቀላም ብላችሁ እንጨቱ ፊት ሳታቆሙት አትቅሩ። ጋና እ.ኤ.አ. በ2018፣ ማላዊ በ2022 ይህን በሽታ ከሕዝብ ጤና ችግርነት ማስወገዳቸው በዓለም ጤና ድርጅት ተረጋግጦላቸዋል። ድሆች ናቸው፣ ገበሬዎች ናቸው፣ እንደኛው።

ስለ ቀዶ ሕክምናው ሌላም እውነት አለ። ፀጉሩ ሊመለስ ይችላል። ተመራማሪው እስማኤል ሀብታሙና ባልደረቦቹ በክልላችን 1000 ታካሚዎችን በሁለት ዓይነት አሠራር አሠርተው ተከታትለዋል፤ በዓመቱ በአንደኛው ከመቶ 13፣ በሌላኛው ከመቶ 22 ያህሉ ፀጉር ተመልሶባቸዋል። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2016 ታትሟል። የእኔም ግራ ዓይን በሁለተኛው ዓመት ሁለት ፀጉር አበቀለ። አፍሬ ነበር፤ እንደገና ወረንጦ ልፈልግም ዳድቶኝ ነበር። ሄድኩ፣ አስተካከሉልኝ። ከተመለሰባችሁ ተመለሱ፤ የሚያሳፍር ነገር የለውም።

ያው የጥናት ቡድን የጻፈው ሌላ ነገር አለ፤ ሲነበብልኝ አልቅሻለሁ። ከተሠሩት ሰዎች የማየት ኃይላቸው ያልተሻሻለ እንኳ ኑሯቸው ተሻሽሏል ይላል። ለእኔ ይህን ማንም ማስረዳት አያስፈልገውም። ዛሬም በቀኝ ዓይኔ አንድ ጥግ ላይ ጭጋግ አለ። ግን ክር በመርፌ እሰካለሁ። ጤፍ አበጥራለሁ፤ ጠጠሩን ከእህሉ እለያለሁ። ጠረጴዛዬን ወደ መስኮቱ መልሼ አዙሬያለሁ፤ ከዚያ በኋላ የመጣችሁ ቀና ብዬ ነው ሰላም ያልኳችሁ። ሌሊት እተኛለሁ። ለልጄ የትምህርት ቤት ደብተሯን አነብላት ነበር፤ አሁን እሷ ታነብልኛለች፤ ወረንጦ ግን ይዛ አታውቅም፤ ከዚያች ማታ በቀር።

እናቴ በ2012 ዓ.ም. አረፈች። ዓይኗን የከደንኩላት እኔ ነኝ። ስከድን ሽፋሽፍቷን አየሁት፤ ጥቂት ቀርተው ነበር፣ ወደ ውስጥ የዞሩ። በልጅነቴ ብዙ ነቅዬላታለሁ፤ ያን ቀን ግን ተውኳቸው። ያን ማየት የቻልኩት በተሠራ ዓይን ነው። እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ። እጇ ያልተንቀጠቀጠውን ያቺን ነርስ አመሰግናለሁ፤ ስሟን ሳልጠይቅ መውጣቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። የንስሐ አባቴን አመሰግናለሁ። ልጄን አመሰግናለሁ።

ስሙኝ እንግዲህ። ቀዶ ሕክምናው በዘመቻ ጊዜ በነፃ ነው። በቅርባችሁ ያለውን ጤና ጣቢያ፣ እዚህ ሰቆጣ ከተማም ተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታልን ጠይቁ፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም መቼና የት እንደሚሠራ ይነግሯችኋል። ኃላፊዎቻችንን የምለምነው አንድ ነገር ነው፤ ለዚህ ጉዳይ የሚሄድ ሠራተኛ የሁለት ቀን ፈቃድ አይከልከል፣ ሰው ሊሸኝ የሚሄድም እንዲሁ። ባሎች ደግሞ፣ ሚስታችሁ ስትታሽግ አንድ ቀን ልጆቹን ያዙ። ብዙ ሴት የቀረችው በዚያች አንድ ቀን ምክንያት ነው።

ስብሰባው ሲያልቅ እዚያ መስኮቱ አጠገብ እቆማለሁ። ዓይኑ የሚያነባ፣ ብርሃን የሚፈራ፣ ወይም ቤቱ ወረንጦ የምትደብቅ እናት ያለችው ይምጣ። ቀና ትሉልኛላችሁ፣ ወደ ብርሃኑ። አላክማችሁም፤ ወደ ውስጥ የዞረ ፀጉር ግን ከስምንት ዓመቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ስማችሁንና ቀበሌያችሁን እጽፋለሁ፤ መጻፍ ሥራዬ ነው። የሚመራችሁ ሰው ያጣችሁ እንደሆነ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ አለሁ።