ዌልስ የሚባለው ሕዝብ ልዩ ጠባዩን አጥቷልን?

ለገጠር ተማሪ ቤት መምህራንና ለአገር ሽማግሌዎች የተሰጠ ንግግር



አንድ ሕዝብ ከሌላው የሚለይበት ጠባዩ መጥፋቱን ወይም አለመጥፋቱን ለማወቅ የሚሻ ሰው፥ አብዛኛውን ጊዜ የሚመለከተው ልብሱን፥ ምግቡንና የቤቱን አሠራር ነው። ወጣቱ ኮትና ሱሪ ከለበሰ፥ በየቤቱም የባዕድ አገር ዕቃ ከገባ፥ «ይህ ሕዝብ ጠፋ» ብሎ ያዝናል። ነገር ግን ልብስ በየዘመኑ ሲለዋወጥ የኖረ ነገር ነው፤ ከአያት ከቅድመ አያት እንደ ወረደ የሚታሰበውም ልብስ አንድ ቀን አዲስ ነበር። ስለዚህ ፍርዱ ብዙ ዘመን በተፈተነ በአንድ ሕዝብ ታሪክ ቢመዘን ይሻላል። ለዚህም የዌልስ ሕዝብ ታሪክ የተስማማ ነው፤ ይልቁንም የነገሩ ዋና ክፍል የተፈጸመው በጦር ሜዳ ሳይሆን በገጠር ተማሪ ቤት ውስጥ ስለሆነ ለመምህራን ቅርብ ነው። በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ዌልስ በብሪታንያ ደሴት ላይ፥ ከእንግሊዝ አገር በስተ ምዕራብ ያለች ተራራማ አገር ናት። የሕዝቧም ቁጥር ዛሬ 3 ሚሊዮን ያህል ነው። ዌልሽኛ የሚባለው ቋንቋዋ እንግሊዞች ወደ ደሴቲቱ ከመምጣታቸው በፊት ይነገር ከነበረው ከጥንቱ የብሪታንያ ቋንቋ የተወለደ ነው። ልዑሏ ሊዌሊን በ1282 ከሞተ በኋላ አገሪቱ በእንግሊዝ ንጉሥ በቀዳማዊ ኤድዋርድ እጅ ወደቀች። በ1536ም ንጉሡ ሄንሪ 8ኛ ባወጣው ሕግ ዳኝነት ሁሉ በእንግሊዝኛ እንዲሆን፥ እንግሊዝኛ የማይናገርም ሰው ሹመት እንዳይዝ ታዘዘ።

ይህን ያየ ሰው ቋንቋው ከሁለት ትውልድ በላይ አይኖርም ብሎ መገመት ይችል ነበር። የሆነው ግን ሌላ ነው። በ1588 ዊልያም ሞርጋን የተባለ ቄስ መጽሐፍ ቅዱስን ሙሉ በሙሉ ወደ ዌልሽኛ ተርጕሞ አሳተመ። የትርጕሙን ሥራ በ1563 በሕግ ያዘዘው ያው የእንግሊዝ መንግሥት ነበር፤ አሳቡም ሕዝቡ አዲሱን የሃይማኖት ሥርዓት እንዲረዳ፥ ደግሞም ሁለቱ መጻሕፍት በየቤተ ክርስቲያኑ ጎን ለጎን ሲቀመጡ አንባቢው እያስተያየ እንግሊዝኛን እንዲማር ነው። ሰው ያስባል እንጂ የነገሩን ፍጻሜ አያውቅም፤ መጽሐፉ ዌልሽኛን ከመጥፋት የሚያድን ምሽግ ሆነ።

መጽሐፍ ደግሞ አንባቢ ከሌለው ዝም ያለ ዕቃ ነው። ግሪፊዝ ጆንስ የተባለ ሌላ ቄስ ከ1731 ገደማ ጀምሮ፥ ከቦታ ወደ ቦታ የሚዘዋወሩ ተማሪ ቤቶችን አቆመ። አስተማሪው በአንድ መንደር ሦስት ወር ያህል ይቀመጥና ወደሚቀጥለው ይሄዳል። ጊዜውም በተለይ የእርሻ ሥራ የሚቀልበት ወራት ነበር፤ ቀን ሥራ የማይፈታቸው ጎልማሶችም ማታ ይማሩ ነበር። ሽማግሌው ከልጅ ልጁ ጋር ፊደል ሲቈጥር የታየበት ዘመን ነው። ጆንስ በ1761 እስኪሞት ድረስ ከ3,000 በላይ እንደነዚህ ያሉ ተማሪ ቤቶች ተከፍተው፥ ከ150,000 በላይ ሰዎች እንደ ተማሩባቸው ተመዝግቧል። በሦስት ወር ማንበብ እንዴት ተቻለ ቢባል፥ ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ተማሪው የሚያነበው ከሕፃንነቱ ጀምሮ በሚሰማው ቋንቋ ስለ ነበረ፥ ፊደሉን ከለየ ቃሉን ወዲያው ያውቀዋል። እንደሚነገረውም በ1800 ሜሪ ጆንስ የተባለች የድሃ ሸማኔ ልጅ፥ ለብዙ ዓመት ያጠራቀመችውን ገንዘብ ይዛ፥ በቋንቋዋ የታተመ መጽሐፍ ቅዱስ ለመግዛት 40 ኪሎ ሜትር ያህል በባዶ እግሯ ሄደች፤ ዕድሜዋ 15 ነበር።

ከዚህ በኋላ የመጣው ፈተና ከንጉሥ ሕግ ይልቅ የከፋ ሆነ። በ1847 ስለ ዌልስ ትምህርት እንዲመረምሩ የተላኩ ሦስት እንግሊዞች፥ ዌልሽኛ አንዲት ቃል ሳያውቁ፥ ቋንቋው ለሕዝቡ ምግባርና ለንግዱ እንቅፋት ነው ብለው ጻፉ። የአገሩ ሰዎች የመጻሕፍቱን ልባስ አይተው ነገሩን «የሰማያዊ መጻሕፍት ክህደት» አሉት። ሆኖም ተቈጥተው የተሰደቡበትን ነገር፥ ብዙዎቹ በልባቸው ማመን ጀመሩ።

በዚያ ክፍለ ዘመን በብዙ ተማሪ ቤቶች «ዌልሽ ኖት» የሚባል ልማድ ነበር። ይኸውም በገመድ የታሰረ ትንሽ እንጨት ነው። በእናቱ ቋንቋ ሲናገር የተገኘ ልጅ እንጨቱን በአንገቱ ያንጠለጥላል፤ ሌላ ልጅ ደግሞ ዌልሽኛ ሲናገር ከተሰማ ወደዚያ ልጅ ይተላለፋል። ትምህርት ሲያልቅ እንጨቱ በአንገቱ የተገኘው ልጅ ይገረፋል። ግርፋትስ በዚያን ዘመን በሁሉ አገር ነበር። የዚህ ክፋቱ ልጁ እንጨቱን ለማውረድ ሲል የባልንጀራውን አፍ እንዲጠብቅ ማድረጉ ነው።

ይህን ያዘዘ ሕግ ግን አልነበረም። ብዙዎቹ አስተማሪዎች ራሳቸው የዌልስ ተወላጆች ነበሩ፤ ወላጆችም ወደው ተስማምተውበታል። እነርሱን መንቀፍ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ምክንያት ነበራቸው። የድንጋይ ከሰል ጉድጓድ ተከፍቶ፥ የምድር ባቡር ተዘርግቶ፥ እንጀራ የሚገኘው በእንግሊዝኛ ሆኖ ነበር። አባት ልጁ ከድህነት እንዲወጣ መመኘቱ አያስነቅፍም። ስሕተቱ አንዱን ለማግኘት ሌላውን መጣል ያስፈልጋል ብሎ ማመን ነው። ይባስ ብሎም ልጆቹ እንግሊዝኛውን በደንብ አላገኙም፤ የማይገባቸውን ቃል እንደ ዜማ እየደገሙ በቃላቸው ይይዙ ነበር እንጂ፥ ትርጕሙን በሚያውቁት ቋንቋ የሚነግራቸው አልነበረም። ግሪፊዝ ጆንስ መቶ ዓመት ቀድሞ የደረሰበት ጥበብ ተረስቶ ነበር።

የሕዝብ ቈጠራው የሚያሳየው ይህ ነው። በ1901 ከመቶው ሰው 50 ያህሉ ዌልሽኛ ይናገር ነበር፤ በ1961 ግን 26 ብቻ ቀረ። በ1962 ሳንደርስ ልዊስ የተባለ ደራሲ በራዲዮ ባሰማው ንግግር፥ ነገሩ እንዲሁ ከቀጠለ ቋንቋው በ21ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ይሞታል አለ። ካፔል ኬሊን የተባለችው መንደር እንኳ፥ ተማሪ ቤቷም ቤተ ጸሎቷም፥ ለእንግሊዝ ከተማ ለሊቨርፑል ውሃ ለማጠራቀም ሲባል በ1965 በውሃ ተዋጠች፤ ይህን የፈቀደውን ሕግ ከዌልስ እንደራሴዎች አንድም የደገፈው አልነበረም።

በዚህ መካከል በልጅነቱ ያንን እንጨት በአንገቱ ያንጠለጠለው ኦወን ኤድዋርድስ፥ በ1907 የዌልስ ተማሪ ቤቶች ዋና ተቈጣጣሪ ሆኖ ተሾመ። ሥልጣኑንም ልጆች በቋንቋቸው እንዲማሩ አዋለው። ልጁ ኢቫን ደግሞ በ1939 በአበሪስትዊዝ ከተማ ትምህርቱ በዌልሽኛ የሚሰጥበትን የመጀመሪያውን የሕፃናት ተማሪ ቤት ከፈተ፤ የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች 7 ብቻ ነበሩ። በ1982 በቋንቋው የሚናገር ቴሌቪዥን ተቋቋመ፤ በ2011ም ዌልሽኛ በሕግ የአገሪቱ የሥራ ቋንቋ ማዕርግ አገኘ። በየዓመቱ በነሐሴ አይስቴድቮድ የሚባል ታላቅ የቅኔና የዜማ ጉባኤ ይደረጋል፤ ያሸነፈው ባለ ቅኔ ለእርሱ በተሠራ ወንበር ላይ ይቀመጣል። የቅኔ ቤት ሰው ይህን ክብር ያለ አስረጂ ይረዳዋል።

ከአገር ወጥተው ወጋቸውን ሊያድኑ የሞከሩም አሉ። በ1865 ከ150 የሚበልጡ ሰዎች በመርከብ ተሳፍረው ወደ ፓታጎኒያ፥ ወደ ዛሬይቱ አርጀንቲና ተሰደዱ፤ ከልጅ ልጆቻቸውም እስከ ዛሬ ቋንቋውን የሚናገሩ ይገኛሉ፤ ከ1997 ጀምሮም ከዌልስ አስተማሪ ይላክላቸዋል። በዋሽንግተን ወይም በቴል አቪቭ የሚኖር፥ በአማርኛ የጠየቀው ልጁ በሌላ ቋንቋ የሚመልስለት ኢትዮጵያዊ አባት የእነዚህን ሰዎች ድካም ይገምተዋል።

እንግዲህ ዌልስ ልዩ ጠባይዋን አጥታለችን ለሚለው ጥያቄ፥ አጥታለች ማለት አይቻልም፤ ድናለች ማለትም ገና ነው። በ2021 ቈጠራ ቋንቋውን እናገራለሁ ያለው ከመቶው 17.8፥ ማለት 538,000 ያህል ሰው ነው። ልዊስ የፈራው ሞት በተባለው ጊዜ አልደረሰም። ራሳቸው ዌልሽኛ የማይናገሩ ብዙ ወላጆች፥ አያቶቻቸው የተዉትን ቋንቋ ልጆቻቸው እንዲያውቁ ወደ ዌልሽኛ ተማሪ ቤት ይልካሉ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በክፍል ውስጥ እንግሊዝኛ ተደንግጎ፥ ዌልሽኛ የሚሰማው አስተማሪው በማይሰማበት በጨዋታ ሜዳ ነበር። ዛሬ በእነዚህ ተማሪ ቤቶች አስተማሪው በዌልሽኛ ያስተምራል፤ ልጁም በዌልሽኛ ይመልሳል። ደወል ተደውሎ ወደ ሜዳ ሲወጡ ግን ብዙዎቹ ልጆች እርስ በርሳቸው የሚጫወቱት በእንግሊዝኛ ነው፤ አስተማሪዎቹም ያለ እንጨትና ያለ ግርፋት ይህን እንዴት እንደሚመልሱት ይመካከራሉ።