ሁለት ካርታ፥ አንድ ሰማይ
(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ የተነገረ)



የውጫሌ ስም ሲነሣ ወዲያው ትዝ የሚለን ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል ነው፤ 17ኛው አንቀጽ በአማርኛ አንድ፥ በኢጣልያንኛ ሌላ ነገር ተናገረ። እኛም ዛሬ የምንናገረው ስለ ሁለት ጽሑፎች ነው፤ ይኸውም ስለ ምድር ገጽ ካርታና ስለ ላይ አየር ካርታ።

የምድር ገጽ ካርታ በየጣቢያው የተለካውን የአየር ግፊት ወደ ባሕር ወለል አውርዶ፥ እኩል የሆነውን በመስመር ያገናኛል። ለቆላ አገር ይህ መልካም ነው። በአምባሰል ግን እንዲህ ማድረግ፥ በተራራው ሆድ ውስጥ የሌለ አየር እንዳለ አድርጎ ማስላት ነው። የ850 ሚሊባር ካርታ እንኳ በ1,500 ሜትር ከፍታ ገደማ ስለሚውል፥ በውጫሌ ዘንድ ከመሬት በታች ነው! ስለዚህ በደጋው ላይ የተሳለውን መስመር እጅግ አንመነው፤ ይልቅስ ዓይናችንን ወደ ዓረብ ባሕርና ወደ ኤደን ባሕረ ሰላጤ እንጣል። የነፋስ ምልክቱን ማወቅ ቀላል ነው፤ ሙሉ ጭረት 10 ኖት፥ ግማሹ 5፥ ሦስት ማዕዘኑ 50 ነው።

ዋናው ነገር በልግ ነው። በየካቲትና በመጋቢት የ500 ሚሊባርን ካርታ ስንዘረጋ (ከፍታው 5,800 ሜትር ያህል ነው) ከሜዲተራንያን በኩል የምዕራብ ነፋስ ወደ ደቡብ ጎብጦ፥ ሸለቆ ሠርቶ ሲወርድ እናያለን። ከሸለቆው በስተምሥራቅ ያለው አየር ወደ ላይ ይነሣል። ታዲያ ይህን ያየ ተማሪ «ነገ ይዘንባል» ብሎ ለመጻፍ ይቸኩላል፤ እኛም ቸኩለን እናውቃለን። ነገር ግን የሚነሣው አየር እርጥበት ከሌለው ምን ያዘንባል? እርጥበቱን የሚነግረን የታችኛው ካርታ ነው። የዓረብ ምድር ከፍተኛ ግፊት ወደ ምሥራቅ ፈቀቅ ብሎ ባሕሩ ላይ ሲቀመጥ፥ እርጥብ ነፋስ ወደ ወሎ ገደል ይገፋል። ባለበት ምድር ላይ ከቆየ ግን የሚደርሰን ደረቅ ነፋስ ነው፤ ከላይ ሸለቆው ቢመጣም ስስ ደመና አሳይቶ ያልፋል። በተቃራኒው ከታች እርጥበት ኖሮ ከላይ አየሩ የሚወርድ ከሆነ፥ ገደሉን ጉም ይሸፍነዋል፤ ካፊያ ይጥላል፤ ማሳ ግን አይርስም።

በደጋው ገብስ የሚዘራው፥ ዝቅ ባለው አገር ማሽላ የሚጀመረው በዚህ ዝናም ነው። በ1976 ዓ.ም. በልጉ ቀረ፤ በ2007 ዓ.ም. በልጉም ክረምቱም ከዳ። አንድ ቁና ዘር ለቀረው ገበሬ፥ በአንድ ካርታ የተነገረ «ይዘንባል» ዘሩን በደረቅ አፈር ማስበላት ነው።

ስለ ክረምት በአጭሩ፦ ከታች የሶማሌን ፈጣን ነፋስ፥ ከላይ ከ200 እስከ 100 ሚሊባር የሚሮጠውን የምሥራቅ ነፋስ ተመልከቱ፤ ሁለቱም ሲደክሙ የክረምቱ ነገር ያሰጋል።

ካርታዎቹ ጠረጴዛው ላይ ናቸው። እርሳስና ላጲስም አለ፤ ቀርባችሁ ሸለቆውን ራሳችሁ ሣሉት።